ባንዲራው ይቆየን

የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ!

ተማሪዎችን «አንድ ምናባዊ ማኅበረሰብ ፍጠሩ» ስትሏቸው መጀመሪያ የሚያነሱት ባለቀለም እርሳስ ነው። ባንዲራ ይሳላል፣ ልብስ ይነደፋል፣ አንዱ ይነግሣል። ክፍሉ ይደምቃል፤ ስለ ባህል ግን ጠብ የሚል ነገር የለም።

እኔ በችግር ጀምሩ ባይ ነኝ። ለምሳሌ ይህን ስጧቸው፦ የቀኑ ሙቀት ከቤት አያስወጣም፤ ሰዉ የሚሠራውም የሚገበያየውም ሌሊት ነው፤ ማገዶ ብርቅ ስለሆነ መብራት የለም። በቃ። ከዚያ ጠይቁ። ሌባ ሲገባ ማን ይመሰክራል? «አየሁ» ማለት አይቻልም፤ «ሰማሁ» እንጂ። እንግዲያው ልጅ ከትንሽነቱ የሰው ኮቴ መለየት ሊማር ነው። ሽማግሌው ጆሮው ሲደክምስ? ክብሩ ይቀንሳል ወይስ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል? እዚህ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። ተዉአቸው፣ ይጨቃጨቁ። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት (የሰው ልጅን ባህል አጥኚ) ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 ባህልን እውቀት፣ እምነት፣ ሕግና ልማድ አንድ ላይ የተሳሰሩበት ነገር አድርጎ ገልጾት ነበር። ተማሪ ይህን ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል። ስለ ሽማግሌው ጆሮ የተጨቃጨቀ ግን ትስስሩን በገዛ እጁ ነክቶታል።

ቀጥሎ ከሌላ ቡድን እንግዳ ይምጣ። ጨዋ ነውና ሰው እንዳይረብሽ በእግሩ ጣት ይራመዳል። ወዲያው ይያዛል! በዚያ አገር ድምፁን አጥፍቶ የሚሄድ ሌባ ብቻ ነዋ።

እንግዳው ያየውን ይጻፍ፤ ባለአገሮቹ ያንብቡት። «ኋላ ቀር» የምትለዋ ቃል ከመጣችም ትምጣ፤ መልሱን እነሱ ይስጡ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሆራስ ማይነር እ.ኤ.አ. በ1956 የአንድ ሕዝብን እንግዳ የአፍ ሥርዓት ገልጾ ጽፏል፦ የአሳማ ጸጉር ከአስማት ዱቄት ጋር አፍ ውስጥ ይከተታል ይላል። ሕዝቡ የራሱ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ሥርዓቱም ጥርስ መቦረሽ!

አንድ ነገር ግን ክልክል ይሁን፦ የእውነተኛ ሕዝብን ስም ብቻ ቀይሮ ማምጣት። ፈጠራው ወዲያው ፌዝ ይሆናል።

አሁን ወረቀት ይታደላችኋል። የእናንተ ሕዝብ ምግቡ ከ3 ቀን በላይ አይቆይለትም፤ ማከማቸት የሚባል ነገር የለም። ንጉሥ ሊኖረው ይችላል? ከቻለ ማን ይቀልበዋል? 20 ደቂቃ አላችሁ።