የሁለት ዓመት የኢንተርኔት ውል፦ ልፈርም ወይስ ልተወው?

እንዴት ናችሁ የጎንደር ወዳጆች! ፒያሳ ያላችሁ፣ ማራኪ ያላችሁ፣ አዘዞ ያላችሁ፣ ሁላችሁም! ዛሬ ስለ ውል ነው የምናወራው። የቤት ኢንተርኔትና ስልክ አንድ ላይ፤ «ለሁለት ዓመት ከፈረማችሁ እንቀንስላችኋለን፣ ራውተሩም በነጻ» ስትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ቅናሹን ተዉትና ከውሉ መውጫውን እዩ። መውጫውን!

ቤት ተከራይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ማራኪ አካባቢ ቤት ልታዩ ሄዳችሁ እንበል። ቀን በስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ ገብቶበት፣ ሲያምር! «እትዬ፣ ውሃ አለ?» «ውሃማ ሞልቶ!» ይሏችኋል። ቧንቧው አለ፣ አልዋሹም። ግን በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሌሊት ነው የሚመጣው? ይህን የምትነግራችሁ ጓሮ ልብስ የምታሰጣው የቆየች ተከራይ ናት። እሷም ከሌለች በረንዳው ላይ የተደረደረውን ቢጫ ጀሪካን ቁጠሩ። ጀሪካን አይዋሽም! ኢንተርኔትም ልክ እንደዚያ ነው። ሻጩ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፍጥነት ለክቶ ቢያሳያችሁ አትደነቁ። ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ ቪዲዮ ሲከፍት፣ ያንኑ መስመር ያስገባ ጎረቤት ጋ ሄዳችሁ ለኩ። ቡና ሲፈላ ድረሱ፣ ሰበብ አይጠፋም።

ደግሞ የቤት ኪራይ ሕግ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። እዚያ ሁለት ዓመቱ የሚይዘው አከራዩን ነው። በኢንተርኔት ውል ግን የሚይዘው እናንተን ነው። ኩባንያውማ አያባርራችሁም፣ ምን በወጣው! እናንተ ግን ወደ ወለቃ ቤት ብትቀይሩና መስመሩ እዚያ ባይደርስስ?

ቴክኒኩን በሩጫ ልለፈው፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። የመዳብ መስመር፣ የድሮው የስልክ ሽቦ ማለት ነው፣ ከስልክ ጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር ይደክማል፣ ፋይበር፣ በብርሃን የሚሠራው የመስታወት ገመድ፣ በሰፈር ርቀት አይበገርም። ውሉ ላይ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ነው እንበል፤ ፋይል የሚለካው በባይት ነው፣ አንድ ባይት ደግሞ ስምንት ቢት፤ ስለዚህ ለስምንት አካፍሉት፣ በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት። መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይሄዳል። አለቀ።

አሁን ኮመንት ላይ ደጋግማችሁ ወደምትጽፉት ልምጣ። «ምን ጣጣ አለው? መክፈል ሳቆም ይዘጉታል፣ ውሉም በዚያው ያልቃል።» ኧረ አያልቅም! መስመር መዘጋት ሌላ፣ ውል ማለቅ ሌላ። ካርድ መሙላት ስለለመድን ነው እንዲህ የምናስበው። ካርድ ካልሞላህ ማንም አይጠይቅህም፣ ቀድመህ ከፍለህ ነዋ የተጠቀምከው! ውል ግን በፊርማ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። ሕግ!

ለምሳሌ ያህል፣ በወር 1,000 ብር የነበረው በውል 850 ሆነ እንበል። ከ10 ወር በኋላ ስትወጡ ያተረፋችሁት 1,500 ብር ነው። ውሉ «ቀሪውን ወር ሙሉ ይከፍላል» ካለ ደግሞ 14 ወር በ850፣ 11,900 ብር። ቅናሹ የት ገባ? ስለዚህ ስትወጡ ማመልከቻ በጽሑፍ፣ ገቢ የተደረገበትን ቅጂ በእጅ፣ ራውተሩን መልሳችሁ ደረሰኝ። ዝም ብሎ መጥፋት የለም።

ፈርሙ የምልበትም ጊዜ አለ። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና ዋጋው እስከ መጨረሻው እንደማይነካ በጽሑፍ ካለ፣ ፈርሙ! ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያልጨመረ ነገር አለ እንዴ? ግን ከታች በደቃቅ ፊደል «ታሪፍ ሊሻሻል ይችላል» የሚል ካያችሁ፣ የታሰራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ሌላው፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር መቼም አልረሳችሁትም። አገልግሎት ሲቋረጥ የዚያ ወር ሂሳብ ይቀራል ወይስ ይቆጠራል? ኢንተርኔቱን ትቶ ስልኩን ብቻ ማስቀረትስ ይቻላል? ሳትፈርሙ ጠይቁ፣ መልሱንም ከውሉ ላይ በጣታቸው ያሳዩአችሁ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ! ያልገባችሁ አንቀጽ ካለ ስማችሁንና ስልካችሁን ሸፍናችሁ ፎቶውን ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ አብረን እናነበዋለን።