«ሙስሊሙ በዚህ፣ ክርስቲያኑ በዚያ»፦ ጽንፈኛው ማንን ወክሎ ነው የሚናገረው?

[ምስል፦ የሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ካርታ]

ተራኪ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 21 ቀን 2015። ከናይሮቢ ወደ ማንዴራ የሚሄድ አውቶቡስ ኤል ዋቅ አካባቢ ሲደርስ የአልሸባብ ታጣቂዎች አስቆሙት። ሙስሊሙ ለብቻ፣ ክርስቲያኑ ለብቻ እንዲቆም አዘዙ። ተሳፋሪው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 2014፣ እዚያው ማንዴራ አቅራቢያ ሌላ አውቶቡስ አስቁመው 28 ሰው ለይተው ገድለዋል።

በዚህኛው ግን ሙስሊሞቹ አንለይም አሉ። ክርስቲያን ሴቶች እንዳይታወቁ ሂጃብ አከናነቧቸው። «ወይ ሁላችንንም ግደሉ፣ ወይ ልቀቁን» አሉ። በጥቃቱ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ የታሰበው ጭፍጨፋ ግን ከሸፈ። በጥይት ከቆሰሉት አንዱ ሳላህ ፋራህ የተባለ ሙስሊም መምህር ነበር፤ በቀጣዩ ወር ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

[ምስል፦ የሞቃዲሾ ጎዳና]

እንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ እስልምናን የወከለው ማን ነበር? ጠመንጃ የያዘው «እኔ ነኝ» ይላል። ግን ምእመን አልመረጠው፣ መስጊድ አልላከው። ደግሞም አልሸባብ አብዝቶ የሚገድለው ሙስሊሞችን ነው፤ ሞቃዲሾ ላይ በሆቴልና በገበያ የሚያፈነዳው ቦምብ ሌላ ማንን ያገኛል? ይህን ስል ታጣቂው ጥቅስ አይጠቅስም ማለቴ አይደለም። ይጠቅሳል፤ ከዚያው ማኅበረሰብ ውስጥም ወጣት ይመለምላል። «ሃይማኖቱን ስለማያውቅ ነው» ብሎ መገላገል ለእኔ አይዋጥልኝም። ጥቅስ መጥቀስና ውክልና ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው።

ነገሩን ገልብጠን እንየው። ኡጋንዳዊው የአማፂ መሪ ጆሴፍ ኮኒ በአሥርቱ ትእዛዛት እገዛለሁ እያለ ሕፃናትን አፍኖ አዋጋ፤ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2005 የእስር ማዘዣ አወጣበት። በሰሜን ኡጋንዳ የአቾሊ ሕዝብ ጳጳሳትና የሙስሊም መሪዎች አንድ ላይ ሆነው ሰላም ሲለምኑ ኖሩ። ሙስሊሙ በአልሸባብ ምክንያት እንደሚጠየቀው፣ በኮኒ ምክንያት የሰፈሩን ቄስ «አሁኑኑ አውግዝልን» ብሎ ያስጨነቀ ሰው ግን አላየሁም።

[ምስል፦ ኢስትሊ፣ ናይሮቢ]

በጅምላ መጠርጠር ደግሞ መዘዝ አለው። በኤፕሪል 2014 የኬንያ የጸጥታ ኃይሎች አጥቂ ፍለጋ ብለው ኢስትሊ ሰፈር ገቡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ በአብዛኛው ሶማሌ የሆኑ ሰዎችን አፍሰው ብዙዎቹን ካሳራኒ ስታዲየም አጎሩ። አልሸባብ ወጣቱን ሲመለምል «መንግሥት የሚጠላህ ሙስሊም ስለሆንክ ነው» ይለዋል። አፈሳው ለዚህ ስብከት በነጻ ማስረጃ አቀበለው።