ፍሪጅ ላይ የከረመው ፖስታ

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ስለወጣችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ሞቅ ብሏል። የዛሬውን የጋዝ ቢል የሚከፍለው ኮሚቴው ስለሆነ ካፖርታችሁን አውልቃችሁ ዘና በሉ።

ስለ መብራትና ጋዝ እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። ምክንያቱም እኔ ራሴ የተሞኘሁ ሰው ነኝ። በኋላ ግን የተሞኘ ሰው ቢናገር ይሻላል ብዬ መጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ዓመት ፊክስድ ኮንትራት፣ ማለትም የመብራትና የጋዝ ዋጋ ለዓመት የሚቆለፍበት ውል ነበረኝ። ሊያልቅ ሲል ኩባንያው ደብዳቤ ላከልኝ። እኔ ፖስታውን ሳልከፍት ፍሪጁ ላይ ጣል አደረግኩት። የእኛ ቤት ፍሪጅ አናቱ ማኅደር ቤት ነው። የካውንስል ታክስ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የፒዛ ማስታወቂያ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚያርፈው። ብርዱ አለፈ። ኤፕሪል ላይ ልጄ ፍሪጁን ስታጸዳ ፖስታውን ከፈተችው። "አባዬ፣ ይሄ እኮ የኦክቶበር ነው!" አለችኝ። ለካ ለወራት፣ ያውም ማሞቂያ በሚነድበት ጊዜ፣ ሌላ ቦታ ከማገኘው ዋጋ በላይ ስከፍል ከርሜያለሁ።

መብራቱ አልጠፋም። ማሞቂያው አልቆመም። በር ያንኳኳም ሰው የለም። የኮንትራት ማለቅ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ድምፅ የለውም።

ደብዳቤውን ያልከፈትኩት በስንፍና ብቻ አይደለም። እኛ ያደግነው መብራት ኃይል አንድ በሆነበት አገር ነው። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ቆጣሪ አንባቢው ይመጣል፣ ሒሳቡ ይከፈላል፣ አለቀ። "ከየትኛው ኩባንያ ልግዛ?" የሚል ጥያቄ በልጅነታችን አልሰማንም። እዚህ ብሪታንያ ግን ጋዝ ከ1998፣ መብራት ደግሞ ከ1999 ጀምሮ ለማንኛውም ቤት በምርጫ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ምርጫው አለ፣ እኛ አልለመድነውም።

ጎረቤቴ እትዬ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ስላሉ፣ "ልጄ፣ ኩባንያ ስቀይር መሐል ላይ መብራት ቢቋረጥብኝስ? መንገዱን ቆፍረው ሌላ ገመድ ቢያስገቡስ?" ብለውኝ ነበር። አትሳቁ፤ ብዙዎቻችሁም በሆዳችሁ የያዛችሁት ጥያቄ ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብለን የተቀመጥን ብዙ ነን።

ገመዱ የአቅራቢው ኩባንያ አይደለም። በለንደን አብዛኛው ክፍል ገመዱን የያዘው ዩኬ ፓወር ኔትወርክስ ነው። ቢላችሁን የሚልከው ማንም ይሁን ማን፣ መብራት ሲጠፋ የሚደወለው 105 ነው። ስትቀይሩ ያው መብራት በዚያው ገመድ፣ ያው ጋዝ በዚያው ቧንቧ ይመጣል። የሚለወጠው ቢሉ ላይ ያለው ስም ነው። ማንም ሰው ቤታችሁ አይገባም። ዝውውሩ ብዙውን ጊዜ በ5 የሥራ ቀን ያልቃል። ሐሳባችሁን ብትለውጡ ደግሞ 14 ቀን አላችሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ፊክስዳችሁ ሊያልቅ ስድስት ሰባት ሳምንት ሲቀረው ይመጣል። ዛሬ በኢሜይል የሚልኩም ስላሉ ኢሜይላችሁን ልጆቻችሁ የሚከፍቱላችሁ ከሆነ ንገሯቸው። ደብዳቤው ላይ መጀመሪያ ኮንትራቱ የሚያልቅበትን ቀን ፈልጉ። ከዚያ ቀን ወደ ኋላ 49 ቀን ቁጠሩና ካላንደር ላይ ክበቡት። ከ49ኛው ቀን ጀምሮ ወደ ሌላ ኩባንያ ብትሄዱ የመውጫ ቅጣት ማስከፈል አይችሉም። ከዚያ በፊት ከወጣችሁ ግን ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ። ለመብራት ለብቻ፣ ለጋዝ ለብቻ።

ምንም ካላደረጋችሁ ምን ይሆናል? የኩባንያው ተለዋዋጭ ታሪፍ ውስጥ ያስገቧችኋል። ይህ ታሪፍ የዋጋ ጣሪያ አለው። ጣሪያውን የሚያወጣው የኃይል ገበያውን የሚቆጣጠረው ኦፍጌም ነው፤ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ አለ፣ አሁን በየሦስት ወሩ ይለወጣል። ስለዚህ የዛሬውን ቁጥር አልጠራላችሁም። ዛሬ ብጽፍላችሁ ፍሪጅ ላይ ስታቆዩት ያረጃል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዜና ላይ "ጣሪያው ይህን ያህል ፓውንድ ሆነ" ሲባል ብዙ ሰው ከዚያ በላይ አልከፍልም ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። የሚነገረው ቁጥር አማካይ ቤት በዓመት የሚከፍለው ግምት ነው። ጣሪያ የተደረገው በአንዱ ዩኒት፣ ማለትም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋና ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም በየቀኑ በሚቆረጠው ስታንዲንግ ቻርጅ ላይ ነው። ማሞቂያውን ቀን ከሌት ከለቀቃችሁት ጣሪያው አያድናችሁም። ፊክስድም እንደዚሁ ነው። የሚቆለፈው ዋጋው እንጂ ቢሉ አይደለም።

ስታወዳድሩ ታዲያ ሁለቱንም እዩ። ለስሌት ያህል ራሴ ቁጥር ልፍጠር። አንዱ ኩባንያ የመብራት ዩኒቱን በ24 ፔንስ፣ ስታንዲንግ ቻርጁን በቀን 60 ፔንስ ይላል። ሌላው ዩኒቱን በ26፣ ቀኑን በ40 ፔንስ። የትኛው ይረክሳል? ብቻውን ኖሮ በዓመት 1,500 ዩኒት የሚጨርስ ሰው ለመጀመሪያው 579 ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 536 ይከፍላል። 5,000 ዩኒት የሚጨርስ ባለ ብዙ ልጆች ቤት ግን ለመጀመሪያው 1,419፣ ለሁለተኛው 1,446። ለጎረቤት የረከሰው ለእናንተ ይወደዳል ማለት ነው። ስለዚህ "እገሌ የገባበት ኩባንያ አሪፍ ነው" ብላችሁ ብቻ አትግቡ። የዓመት ፍጆታችሁ በኪሎዋት ሰዓት ቢላችሁ ላይ ተጽፏል፤ እሱን ይዛችሁ አወዳድሩ። ማወዳደሪያ ድረ ገጾቹ ኮሚሽን አላቸው። አንዳንዶቹ መጀመሪያ የሚያሳዩት በነሱ በኩል የሚገባባቸውን ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉንም አሳየኝ የሚለውን ፈልጋችሁ ንኩ።

"ስለዚህ ሁልጊዜ ፊክስድ ይሻላል?" አይደለም። ፊክስድ ውርርድ ነው። በ2021 መገባደጃ የጋዝ ዋጋ ሲንር ወደ 30 የሚጠጉ አቅራቢዎች ወደቁ። ያኔ ገበያ ላይ የነበረው አዲስ ፊክስድ ከጣሪያው በላይ ነበር። ፊክስዱ አልቆበት ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው ለጊዜው ተጠቀመ። እኔ ያኔ ብሰንፍ ኖሮ ጎበዝ እባል ነበር! የወደቁት ኩባንያዎች ደንበኞችም ቢሆኑ ጨለማ ውስጥ አላደሩም፤ ኦፍጌም ወደ ሌላ አቅራቢ አዛወራቸው፣ ተርፎ የነበረ ገንዘባቸውም አልጠፋም። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ የፊክስዱን ዋጋ ያን ጊዜ ካለው ጣሪያ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነና ብርድ እየመጣ ከሆነ እኔ በግሌ ለእንቅልፌ ስል እቆልፋለሁ።

ስትዛወሩ የምትሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ቆጣሪውን ፎቶ ማንሳት። የእኔ ቆጣሪ ያለው ደረጃው ሥር ነው። ፊት ለፊቱ የጤፍ ከረጢት፣ ከጤፉ ኋላ የበርበሬ ባልዲ፣ ከበርበሬው ኋላ የማይሠራ ቫኩም አለ። ተንበርክኬ፣ የስልኩን መብራት አብርቼ፣ በበርበሬው እያነጠስኩ ነው ያነሳሁት። ግን ያ ፎቶ በኋላ አዳነኝ። የቀድሞው ኩባንያ የመጨረሻውን ቢል በግምት አስልቶ፣ ካነበብኩት በላይ ጽፎ ላከ። ፎቶውን ስልክላቸው አስተካከሉት። ከባንካችሁ በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ፣ ዳይሬክት ዴቢቱንም የመጨረሻው ቢል ሳይመጣ አታቋርጡ። ቢሉ በ6 ሳምንት ውስጥ መምጣት አለበት፤ ተርፎ የሚመለስላችሁ ካለም ከቢሉ በኋላ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ።

እናቶች ስለ ምጣድ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። እዚህ አገር ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ምጣድ ቢበዛ 3 ኪሎዋት ነው። ሁለት ሰዓት ሳያርፍ ቢነድ 6 ዩኒት ይበላል፤ ዩኒቱ 25 ፔንስ ቢሆን 1 ፓውንድ ከ50 ማለት ነው። ለሳምንት እንጀራ ውድ አይደለም። ኢኮኖሚ ሰቨን የሚባለው ሌሊት 7 ሰዓት የሚረክስበት ታሪፍ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ሌሊቱ ሲረክስ ቀኑ ይወደዳል። ለማብሰልና ለማሞቅ ቀን የምትጠቀሙ ከሆነ አይሆናችሁም። ሌሊት ልጋግር ካላችሁም የጭስ አላርሙ ከነልጆቹ ቤቱን ይቀሰቅሰዋል። ሞክሬዋለሁ።

ተከራዮች፣ ቢሉ በስማችሁ ከሆነና የምትከፍሉት እናንተ ከሆናችሁ አቅራቢ የመምረጥ መብት የእናንተ ነው፤ ላንድሎርዱ ያለ በቂ ምክንያት አይከለክላችሁም። ካርድ የምትሞሉም መቀየር ትችላላችሁ። ዕዳ ቢኖርባችሁ እንኳ ለመብራት እስከ 500 ፓውንድ፣ ለጋዝም እስከ 500 ፓውንድ ድረስ ዕዳውን ይዛችሁ መሄድ ይቻላል። በየወሩ የምትከፍሉ ግን ከ28 ቀን ያለፈ ውዝፍ ካለ ሊያግዷችሁ ይችላሉ። ዋርም ሆም ዲስካውንት የሚባለውን የ150 ፓውንድ የብርድ ወራት ቅናሽ የምታገኙ ደግሞ ከመቀየራችሁ በፊት አዲሱ ኩባንያ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ትናንሾቹ ሁሉም አይሰጡም። በር አንኳኩቶ ቢላችሁን አሳዩኝ ለሚል ሰው አታሳዩ።

እኔ ጨርሻለሁ። ጥግ ላይ ባለው ጠረጴዛ ልጄና ሁለት ጓደኞቿ ስልካቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። ቢል የያዛችሁ ወደዚያ ሂዱ፤ መነጽራችሁን እንዳትረሱ። ያልከፈታችሁት ፖስታ ካለም እንደታሸገ አምጡት። እትዬ፣ እርስዎ ቀድመው ይሂዱ፤ ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ እንጨርስልዎታለን።