ዋስ የሌለው እርቅ፦ የእርስ በርስ ጦርነት ድርድር ለምን ይፈርሳል?

[ምስል፦ ደብረ ማርቆስ ከተማ]

ጎጃም ውስጥ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ሲታረቁ ካሳ ተከፍሎ ብቻ አያበቃም። ሽማግሌው «ዋስ ጥራ» ይላል። ነገ አንዱ ቃሉን አጥፎ ቢተኩስስ? ተጠያቂ መኖር አለበት።

የእርስ በርስ ጦርነት ድርድርም ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እዚሁ ጋ ነው። ሁለት አገሮች ሲዋጉ፣ ከፊርማው በኋላ እያንዳንዱ ጦሩን ይዞ ወደ ድንበሩ ይመለሳል። እዚህ ግን አንዱ መሣሪያውን አስረክቦ፣ ትናንት ሲታኮሰው ከነበረው ጋር እዚያው አገር ሊኖር ነው። ቢያቅማማ አይፈረድበትም። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ምሁር ባርባራ ዋልተርም ዋናውን ችግር የምታየው እዚህ ላይ ነው።

[ካርታ፦ አንጎላና ሞዛምቢክ]

አንጎላና ሞዛምቢክ ሁለቱም በ1975 ከፖርቱጋል ነጻ ወጡ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ሁለቱም ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ።

የአንጎላ መንግሥትና አማፂው ዩኒታ በ1991 የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። የተባበሩት መንግሥታት የላከው ጥቂት መቶ ታዛቢ ነበር። ጦሮቹ ትጥቅ ፈትተው ሳይጨርሱ በ1992 ምርጫ ተካሄደ። የዩኒታው መሪ ሳቪምቢ «ተጭበርብሯል» ብሎ ወደ ጫካ ተመለሰ። ለምን አይመለስ? ጦር አለው፣ አልማዝ አለው። ጦርነቱ የቆመው እሱ በ2002 ከተገደለ በኋላ ነው።

ሞዛምቢክ በ1992 ሮም ላይ ተፈራረመች። የአንጎላው ነገር ስላስደነገጠ ከ6 ሺህ በላይ ሰላም አስከባሪ ገባ። ምርጫውም ተዋጊዎቹ ካምፕ ገብተው እስኪበተኑ ተብሎ ወደ 1994 ተገፋ። አማፂው ሬናሞ ፓርቲ እንዲሆን ገንዘብ ተሰጠው። ጉቦ ነው ካላችሁም ከጥይት ይረክሳል። ሬናሞ ተሸነፈ፤ ግን ከ250 የፓርላማ ወንበር 112 አገኘ።

ዋስ ብቻውንም አይበቃም። ሞዛምቢክ ላይ ሁለቱም ዝለው ነበር። ድርቅ ነበር፣ ደቡብ አፍሪካም ሬናሞን መደገፉን ትታለች። ነገ አሸንፋለሁ የሚል ወገን ግን ምን አስቸኮለው? በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 1983 ዓ.ም. ለንደን ላይ ንግግር ሲጀመር ጎጃም ከደርግ እጅ ከወጣ ወራት ሆኖታል፤ ኢሕአዴግም አዲስ አበባ አፋፍ ላይ ነበር። በማግስቱ ከተማዋን ያዘ። ምን ቀርቶ ሊደራደሩ!

ሞዛምቢክም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተገላገለችም። በ2013 ተኩስ ተመለሰ፣ በ2019 እንደገና ተፈራረሙ። የመጨረሻው የሬናሞ ካምፕ የተዘጋው በ2023 ነው።