ሲዋ፦ ውሃ የበዛባት የበረሃ ከተማ

በረሃ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የውሃ ጥም ነው። የሲዋ ጣጣ ግን ሌላ ነው። ውሃ በዝቶባታል።

ሲዋ ያለችው በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ነው። ከሊቢያ ድንበር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ምድሯ ከባሕር ወለል በታች ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ከሥር የታመቀው ውሃ ምንጭ እየሆነ ይወጣል። ቴምሩም ወይራውም የሚኖረው በእሱ ነው። ሰዎቹ በአብዛኛው አማዚግ (በርበር) የሚባሉት የሰሜን አፍሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው፤ ከዓረብኛው ሌላ ሲዊ የሚባል የራሳቸው ቋንቋ አላቸው።

ሩቅ ብትሆንም ዝናዋ የቆየ ነው። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 በረሃውን አቋርጦ የመጣው እዚህ ባለው የጥንት ግብፃውያን አምላክ የአሙን ቤተ መቅደስ ትንቢት ለመጠየቅ ነበር።

[ምስል፦ የሻሊ ፍርስራሽ]

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሻሊ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነዋሪዎቹ ከዘራፊ ለመዳን ኮረብታ ላይ የሠሩት ምሽግ ነው። ቤቱ በቤት ላይ ተደራርቧል። የተገነባው በከርሺፍ ነው። ከርሺፍ ማለት ከጨው ሐይቆቹ ዳር የሚቆረጥ፣ እንደ አሞሌ የደደረ ጨውና ጭቃ ነው። ሲደርቅ ይጠነክራል። ዝናብ እምብዛም በማያውቀው አገር ይህን መምረጥ ትልቅ ብልሃት ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ግን ለሦስት ቀን ዘነበ። ጨው ደግሞ በውሃ ይሟሟል። ግድግዳው ቀለጠ፤ ሰዉም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዶ አዲስ ቤት ሠራ።

[ምስል፦ የጨው ሐይቅና የቴምር እርሻ]

ዛሬ ውሃው የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሜዲትራኒያን ዳርቻዋ ከተማ ከመርሳ ማትሩህ የአስፋልት መንገድ ገባ። እርሻው ሰፋ፤ ጉድጓድም ያለ ልክ ተቆፈረ። ብዙው ጉድጓድ መዝጊያ አልነበረውም፤ ሌት ተቀን ይፈስ ነበር። ሲዋ ደግሞ ጎድጓዳ ናት፤ ውሃው መውጫ የለውም። ከእርሻ የተረፈው ሐይቆቹ ውስጥ ይጠራቀማል። ፀሐይ ውሃውን ስታተን ጨው ይቀራል። ሐይቁ ሲሞላ የመሬት ውስጥ ውሃውም ከፍ ይላልና ጨዋማው ውሃ የዛፎቹን ሥር ያገኛል። ያኔ ቴምሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይደርቃል።

ቱሪስት ሐይቁን አይቶ "እንዴት ያምራል!" ይላል። እውነት ነው፣ ያምራል። ለገበሬው ግን የሐይቁ መስፋት የማሳው መጥበብ ነው። መፍትሔው ያለፈቃድ የተቆፈሩትን ጉድጓዶች መድፈን፣ የቀሩት ላይ መዝጊያ መግጠምና የተረፈውን ውሃ በቦይ ማስወጣት ነው።