ሲቋረጥ ከየት እንደምትቀጥሉ እወቁ (ደሴ ላይ ዘንድሮ ፒኤችዲ ለጀመሩ መምህራን የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! በዚህ ብርድ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁም እዚሁ ደሴ ያላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። የተጠራሁት ፒኤችዲዬን እንዴት እንደጨረስኩ እንድነግራችሁ ነው፣ እኔ ግን የምለው ነገር አንድ ነው፣ ስራችሁ መቋረጡ አይቀርም፣ ስለዚህ ተቋርጦ ለመቀጠል እንዲመች አድርጋችሁ ያዙት።

እኛ ጋ ፒኤችዲ የሚሰራ ሰው ተማሪ ብቻ አይደለም እኮ። ያስተምራል፣ ፈተና ያርማል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ አለበት። ጎረቤት ሞቶ እኔ ቻፕተር ሁለት እየፃፍኩ ነው ማለት ወሎ ውስጥ አይሆንም፣ እንዲሆንም አልፈልግም። ለቅሶው ሶስት ቀን ይወስዳል፣ እሺ ይውሰድ፣ እኔን ይጎዳኝ የነበረው ግን ሶስቱ ቀን ሳይሆን ከተመለስኩ በኋላ የት ነበርኩ እያልኩ ስፈልግ የሚያልፈው ሳምንት ነው፣ የቱን አርቲክል ነበር ያነበብኩት፣ ይሄን ግራፍ ከየትኛው ዳታ ነው የሰራሁት፣ አድቫይዘሬ ምን ነበር ያለኝ...

ይሄን የፈታልኝ ተራ ደብተር ነው። ላፕቶፑን ከመዝጋቴ በፊት አምስት ደቂቃ ወስጄ ቀኑን፣ የሰራሁትን፣ ያስቸገረኝን፣ ከዛ ነገ ቁጭ ስል መጀመሪያ የምነካውን እፅፋለሁ። የመጨረሻዋ ናት ዋናዋ። "ሜቶዶሎጂ መቀጠል" ብላችሁ ብትፅፉ ምንም አልፃፋችሁም፣ "ለምን ስድስት ቀበሌ ብቻ እንደመረጥኩ የሚያስረዳውን አንቀፅ መጨረስ" ካላችሁ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላም ብትመጡ በአስር ደቂቃ ስራ ውስጥ ናችሁ። ክረምት ላይ ሰፊ ጊዜ አለ ያኔ እፅፋለሁ የምትሉ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ተዉት፣ ክረምቱም የራሱን ስራ ይዞ ይመጣል፣ ልጆቹ ሳይነሱ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይሻላል።

ስለ ቀን አቆጣጠር ትንሽ ልቆይ፣ ማንም አልነገረኝምና። የእኔ ጥናት ዝናብና ገበሬ ላይ ነው፣ የዝናቡ ዳታ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ገበሬው የሚነግረኝ በእኛ። "የ2007 ክረምት ዝናቡ ቀረ" ሲሉኝ 7 ደምሬ 2014 ላይ አስቀመጥኩት፣ እውነቱ ግን 2015 ነው፣ ያ የኤልኒኖው ድርቅ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 አካባቢ 7 ዓመት ነው፣ ከዛ በኋላ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 ዓመት ነው፣ ክረምት ደግሞ 8ቱ ውስጥ ነው የሚወድቀው። እስክደርስበት ሁለት ወር ሙሉ የገበሬው ቃልና የዝናቡ ቁጥር አልገጥም ብሎኝ ገበሬዎቹን ተጠራጠርኩ፣ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል፣ ትክክል የነበሩት እነሱ ናቸውና። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኤክሴላችሁ ላይ ሁለት ኮለም ይኑር፣ አንዱ የኛ ቀን አንዱ የፈረንጅ። ሰዓትም እንደዛው ነው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ያደረጋችሁት ኢንተርቪው ስልካችሁ ላይ 9:00 ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ፋይል ላይ ረጅም አልናገርም። ስሙን በቀን ጀምሩ፣ ዓመት ከዛ ወር ከዛ ቀን፣ "ፋይናል" የሚል ቃል አትፃፉበት። ኮፒ ግን ሶስት ይሁን፣ አንዱ ከእናንተ ርቆ የሚቀመጥ። በእኛ በ2014 ጥቅምት በጦርነቱ ምክንያት ከተማውን ለቀን ስንወጣ የሆነውን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ ባልደረባዬ ላፕቶፑም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩም አንድ ቢሮ ነበሩ፣ ሁለቱም አብረው ሄዱ፣ የሶስት ዓመት ዳታ ነው። ኢንተርኔት ላይ እንጭናለን ብንል ኔትወርኩም ተቋርጦ ነበር። ዛሬ ባክአፕ ሳደርግ እሱን ነው የማስበው፣ በየወሩ መጨረሻ አንድ ፍላሽ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ይሄዳል።

አንዳንዶቻችሁ አድቫይዘራችሁ አዲስ አበባ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። መልስ አልሰጠኝም ብሎ ወራት መቀመጥ አለ፣ እኔም ተቀምጫለሁ፣ በኋላ ግን በየወሩ አንድ ገፅ መላክ ጀመርኩ፣ ምን ሰራሁ፣ ምን ላይ ቆምኩ፣ የምፈልገው መልስ ይሄ ነው፣ ጥያቄው ከሁለት አይበልጥም። አርባ ገፅ ስልክለት ዝም ያለኝ ሰው ለአንድ ገፅ በሳምንት ውስጥ መለሰልኝ፣ የደብተሬን የወሩን ገፆች እያየሁ ስለምፅፈው ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም።

ሪፈረንስ በእጅ እየፃፋችሁ ያላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። ዞቴሮ የሚባል ሪፈረንስ የሚያደራጅ ሶፍትዌር አለ፣ ነፃ ነው፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሰራል፣ ከወርድ ጋር ይገናኛል፣ ለፋይል ማስቀመጫ በነፃ የሚሰጠው ግን 300 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ፒዲኤፎቹን ሌላ ቦታም ያዟቸው። የዞቴሮ መጫኛው ፍላሽ ላይ አለኝ፣ ከቡናው በኋላ ላፕቶፕ የያዛችሁ እዚህ መስኮቱ ጋ ኑ፣ አንድ በአንድ እንጭናለን፣ አብሽሩ፣ እስከ ማታ አለሁ።