ሳህን ላይ መዳብ አይጣልም

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ማግኔታችሁን ከመሳቢያው አውጡ። ዛሬም ሥራ አለው፤ ግን ቆይቶ።

ባለፈው የጃማይካን የድሮ ሳንቲሞች ነገር እዚህ ላይ እንቋጨው ብዬ ነበር። አልተቋጨም። ነገሥታቱን ቆጥረናል፣ ዓመታቱን ቆጥረናል፤ አንዲቷ ግን ከነከነችኝ። ኳቲ። ያቺ የፔኒ ተኩሏ የብር ሳንቲም። እንደ ሁልጊዜው ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ክብደቷን አስቀድመን እናውጣ፤ እሱ ካልገባን ሌላው አይገባንም። የ1816ቱ የእንግሊዝ ሕግ ከአንድ ትሮይ ፓውንድ ብር፣ ማለትም ከ373 ግራም፣ 66 ሽልንግ ይምታ ይላል። አንዱ ሽልንግ 5.65 ግራም ይሆናል። ሽልንግ 12 ፔኒ ነው፤ ፔኒ ተኩል ደግሞ የሽልንግ አንድ ስምንተኛ። ስለዚህ ኳቲ 0.7 ግራም ናት። ስፋቷ 12 ሚሊ ሜትር፤ የትንሽ ጣት ጥፍር በሏት። አሁን የዚያን ዘመን የመዳብ ፔኒ አስቡ። 18.8 ግራም፣ ስፋቱ 34 ሚሊ ሜትር። አንድ ተኩሉ 28 ግራም ይመጣል። በአንድ እጃችሁ 28 ግራም መዳብ፣ በሌላው 0.7 ግራም ብር፣ ዋጋቸው ግን እኩል። በክብደት አርባ እጥፍ ይበላለጣሉ።

ትንሿ ደግሞ ለአያያዝ አትመችም። በኪስ ቀዳዳ ትሾልካለች፣ በላብ ጣት ላይ ትለጠፋለች፣ ሣር ውስጥ ከወደቀች አበቃላት። የጃማይካ ሕዝብ ግን እሷን መረጠ። መረጠ ብቻ አይደለም፣ መዳቡን እምቢ አለ። ይኸው ነው የያዘኝ።

ጊዜውን ልመልስላችሁ። ነሐሴ 1 ቀን 1834 ባርነት በሕግ ቀረ ተባለ፤ ግን «ተለማማጅ» በሚል ስም ሰዉን እዚያው የሸንኮራ እርሻ ላይ አቆዩት። እውነተኛው ነፃነት ነሐሴ 1 ቀን 1838 ነው። ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ፣ ፋልመዝ በምትባለው ከተማ፣ የባፕቲስቱ ሰባኪ የዊልያም ኒብ ምእመናን ሰንሰለት፣ ጅራፍና የአንገት ብረት በሬሳ ሣጥን ከተው ቀበሩ። በነጋታው ነፃ ናቸው። ለባሪያ ጌቶች በየቅኝ ግዛቱ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ተመድቧል፤ ነፃ ለወጡት ምንም። መሬት የለ፣ መቋቋሚያ የለ። ያላቸው የቀን ሥራ ነው፤ ደሞዙ ወደ አንድ ሽልንግ ገደማ። ስምንት ኳቲ።

እሁድ ይመጣል። የመባው ሳህን ይዞራል።

እዚች ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሳህኑ ይመጣል፤ በእጅ ላይ ያለው ዝርዝር ወይ መዳብ ነው ወይ ብር። መዳብ ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም ተባለ። የተሻለ ያለው ሰው የብሩን ባለ ሦስት ፔኒ ይጥላል፤ የሌለው ኳቲውን ይጥላል። ከዚህ የተነሳ ሳንቲሟ ስም ወጣላት፤ «የክርስቲያን ኳቲ»። የመንግሥት ሰነድ ያወጣላት ስም አይደለም፣ ከሳህኑ ያገኘችው ነው። ከቀን ደሞዝህ አንድ ስምንተኛ ማለት እኮ ነው። የአንድ ሰዓት ገደማ ሥራ፣ እዚያች የጥፍር ስፋት ላይ።

ኳቲ ራሱ ከየት መጣ ላላችሁኝ፣ ከእንግሊዝ አይደለም። እንግሊዝ ደሴቲቱን በ1655 ከስፔን ትውሰዳት እንጂ ገበያው የስፔን ብር ነበር። ትልቁ ስምንት ሬያል ነው። አንዱ ሬያል ወደ ስድስት ፔኒ ገደማ ሲተመን ሩቡ ፔኒ ተኩል ይሆናል። ኳቲ ማለት ሩብ ነው። ስለዚህ ለንደን ከ1834 ጀምሮ ይህችን ሳንቲም ስታስመታ፣ ጭንቅላት ውስጥ ለነበረው የስፔን ሩብ ነው ልኩን የሰፋችለት።

መቼም የስፔኑ ስምንት ሬያልና የእኛ ጠገራ ብር የአንድ ዘር ልጆች መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ጠገራው 28.07 ግራም፣ ንጽሕናው 833 ከሺህ፤ የስፔኑ ከ1772 ወዲህ 27.07 ግራም፣ 903 ከሺህ። እኛም ጋ የምኒልክ ብር በ1894 ሲወጣ ገበያው ጠገራውን አልለቅም ብሏል። ሰው ለለመደው ብረት ያለው እምነት... ይህን ብጀምረው አናበቃም።

የ1758ቱን ባለ ማህተም ሳንቲም ግን ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት እሱን ነው። ጃማይካ ብሩ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ዝርዝር ስላጣች፣ የስፔኑን ሳንቲም ማህተም መትታ ከፍ ባለ ዋጋ ታውጀዋለች። በእንግሊዝ 4 ሽልንግ ከ6 ፔኒ የሚያወጣው ስምንት ሬያል፣ በጃማይካ ሒሳብ 6 ሽልንግ ከ8 ፔኒ ተባለ። ሦስቱ ልክ አንድ የጃማይካ ፓውንድ። አራት ሬያሉ 3 ሽልንግ ከ4፣ ሁለቱ 1 ሽልንግ ከ8፣ አንዱ 10 ፔኒ፣ ግማሹ 5 ፔኒ። ማህተሙ «ጂ» እና «አር» የተጠላለፉበት ክብ ጉድጓድ ነው፤ የንጉሥ ጆርጅ ምልክት፣ በሁለቱም ገጽ። ሐሰተኛውን ለመለየት መጀመሪያ ማህተሙን አትዩ፤ የተመታበትን ሳንቲም ዓመት አንብቡ። ከ1758 በኋላ የተሠራ ሬያል ላይ ይህ ማህተም ካለ ጨዋታው አልቋል። ቀጥሎ መፋቁን። ሳንቲሙ ፊቱ የተፋቀ ሆኖ ማህተሙ ጠርዙ ሹል፣ ጉድጓዱም ያላደፈ ከሆነ ጠርጥሩ። አብረው የኖሩ ነገሮች አብረው ነው የሚያረጁት። በመጨረሻ ገልብጡት፤ ሁለቱ ማህተሞች ፊትና ኋላ ካልተገናኙ፣ ከአንዱ ጀርባ ያለው ብረት ተደፍጥጦ መታየት አለበት። ለስላሳ ብር ከላይ ሲመታ ከታች መጨፍለቁ አይቀርም። ቀርቶ ካያችሁት ማህተሙ በማቅለጥ የተሠራ እንጂ የተመታ አይደለም።

ወደ ሳህኑ ልመለስ።

መዳቡ ለምን ተጠላ? እኔ ሁለት መልስ ይዤ ነው የምዞረው፤ ሁለቱም ሙሉ አይሆኑልኝም።

አንደኛው የገበያ መልስ ነው። የጃማይካ ባሪያዎች ገና በባርነት ሳሉ የጓሮ እርሻ ነበራቸው፤ እሁድ እሁድ ያም የሚባለውን ሥራ ሥር፣ ሙዝ፣ ዶሮ ይሸጡ ነበር። ኤድዋርድ ሎንግ የተባለው የእርሻ ባለቤትና ታሪክ ጸሐፊ በ1774 እንደገመተው፣ በደሴቲቱ ከሚዘዋወረው ሳንቲም አንድ አምስተኛው በእነሱ እጅ ነበር። ልብ በሉ። በሕግ ራሱ ዕቃ የተባለው ሰው የአገሩን ዝርዝር አምስተኛ ይዞ ነበር። ያ ዝርዝር ብር ነው። ዝቅተኛው ሳንቲም ብር ሲሆን፣ ትንሿ የያም ክምር ዋጋም ከዚያ አይወርድም። መዳብ ሲገባ ግን ገዢው በግማሽ ፔኒ ልከራከር ይላል። ሻጯ ትጎዳለች። መዳብ ደግሞ በጨው ነፋስና በላብ ይዝጋል፣ አረንጓዴ ያወጣል፣ እጅ ያሸታል። ከዚያ አገር ሲወጣም ዋጋው የብረቱ ያህል ብቻ ነው፤ የብሩ ግን ወደተጻፈበት ይጠጋል። ስለዚህ እምቢታው ሒሳብ ነው። ጥሩ ሒሳብ።

ሒሳብ ከሆነ ታዲያ ሳህኑ ላይ ለምን? ለሒሳብማ መዳቡን ለሳህኑ ሰጥቶ ብሩን ለራስ ማስቀረት ነው። እነሱ ግን የተሻለውን ነው የጣሉት። ሁለተኛው መልስ እዚህ ይመጣል፤ ክብር ነው እላለሁ። ነፃ የሆነ ሰው እጅ፣ በሰው ፊት፣ ምን ይዞ ይታይ የሚል ነገር። ብቻ «ክብር» ማለት ለእኔ ከሩቅ ቀላል ነው፣ አፌ ላይ ይጣፍጣል፤ ለዚያች እናት ግን የግማሽ ቀን ምግብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እርግጠኛ ሆኜ አልናገረውም።

መበለቲቱም ትዝ አለችኝ። በእኛ ቋንቋ የጣለችው ሁለት ናስ ነው። ናሱ ነው የተመሰገነው! በእንግሊዝኛው ግን ብረቱ አልተጠራም፤ ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ፋርዲንግ ይሆናሉ ነው የሚለው። ፋርዲንግ የፔኒ ሩብ ነች። የኒብ ምእመናን ያንን ሲሰሙ ምን መልክ ያለው ሳንቲም ታያቸው? እሺ፣ ይሄኛው ይቆይ።

እምቢታው ሠላሳ ዓመት ቆየ። ኳቲ እስከ 1843 ተመታች፣ ከዚያ በ1860 እና በ1862 ለጥቂት ጊዜ፤ ከዚያ ቀረች። በ1869 መንግሥት ተሸነፈ፣ ወይም የተሸነፈ ይመስላል፤ ለጃማይካ ብቻ ፔኒና ግማሽ ፔኒ አስመታ፤ ነጭ። ፋርዲንጓ በ1880 ተከተለች። የመጀመሪያዎቹ የጃማይካ የራሷ ሳንቲሞች እነዚህ ናቸው፤ በአንዱ ፊት ቪክቶሪያ፣ በሌላው መስቀልና አምስት አናናስ ያለበት ጋሻ። ሕዝብ በእምቢታው የመንግሥትን ብረት አስለወጠ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

ግን ነጩ ምንድን ነው? የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው፤ አብዛኛው መዳብ። ሩብ ያህል ኒኬል ሲገባበት ቀዩ ቀለም ይጠፋል። ለሠሪው አስቸጋሪ ነው፤ መዳብ በ1085 ዲግሪ ሲቀልጥ ይህ ከ1170 በላይ ይፈልጋል፤ ጠንካራ ስለሆነም የመምቻውን ብረት ይሰነጥቃል፤ ደካማ ከተመታ የአናናሱ ቅርፊት አይወጣም። ብቻ ውስጡ ያው መዳብ ነው። ነጭ አድርገው መልሰው ሰጧቸው። ደስታዬ እዚህ ጋ ይቆረጣል። ምናልባት ማታለል አይደለም፤ ሁሉም ያውቅ ይሆናል፣ ቀለሙም በቂ ይሆናል። አላውቅም እንዴት ልበለው...

ጋሻውን ካነሳን አይቀር፤ በማዕድን ላይ ቀለም በመስመር ነው የሚጻፈው። ቁመት መስመር ቀይ፣ አግድም መስመር ሰማያዊ። የጃማይካ መስቀል ቀይ ነው። በኤድዋርድ 7ኛ ዘመን የወጡት ግን ሁለት ዓይነት ናቸው፤ መጀመሪያዎቹ ላይ መስመሩ አግድም ነው፣ በኋላ ወደ ቁመት ተለወጠ። አጉሊ መነጽር ካላችሁ መስቀሉን ብቻ እዩ። 1882 ላይ ደግሞ «ኤች» የምትል ፊደል ካያችሁ በርሚንግሃም ካለው የሒተን ፋብሪካ የወጣ ነው።

ከ1869 አራት ዓመት ወደ ኋላ። ጥቅምት 1865፣ ሞራንት ቤይ የምትባል የጃማይካ ከተማ። ፖል ቦግል ከስቶኒ ገት መንደር ሰው አስከትሎ ለተቃውሞ ወደ ፍርድ ቤቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ ገዢው ኤር ከአራት መቶ በላይ ሰው አስፈጀ፤ ቦግል ጥቅምት 24 ተሰቀለ። ነጩ ፔኒ የመጣው በዚህ ማግስት ነው። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አላልኩም። ቀኖቹ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቦግል ዲያቆን ነበር። የባፕቲስት ዲያቆን፤ የእኛ ዓይነት ቀዳሽ ሳይሆን ከምእመናኑ መካከል የሚሾም አገልጋይ። እንዲህ ያለው ሰው ነው መባውን የሚሰበስበው።

በ1937 ነጩ ቀርቶ ቢጫ መጣ፣ የናስና የኒኬል። በ1969 ፓውንዱ ቀርቶ ዶላር መጣ፤ አንድ ሳንቲሙ ነሐስ፣ አኪ የሚሉት ፍሬ ያለበት፤ በ1975 አሉሚኒየም ሆነ። አሮጌዎቹ ሴቶች ግን ኳቲን በተረት አቆዩአት፤ በኳቲ የተገዛ መከራ በመቶ ፓውንድ አይወጣም ይላሉ።

አሁን ማግኔቱን። የ1869ኙን ፔኒ ንኩት፤ ዝም ይላል፣ አይሳብም። ቀጥሎ ከ1995 ወዲህ ያለውን አሥር ሳንቲም ንኩት። ቀይ ነው፣ መዳብ ይመስላል፤ ግን ጠቅ ብሎ ይያዛል። ብረት ነው፣ መዳብ የተለበጠ ብረት። ሃያ አምስቱም እንዲሁ፤ ሰባት ማዕዘን ያለው፣ ማርከስ ጋርቬይ ያለበት። በየካቲት 2018 ሁለቱም ከገበያ ወጡ፤ ከአንድ ዶላር በታች ያለው ሁሉ ቀረ።

አሥሩ ላይ ያለው ፊት ግን ቦግል ነው። ዲያቆኑ። ሳህኑን ይዞ ሲያልፍ ሰዉ መዳብ የማይጥልለት... እና እነሱ እሱን ደግሞ በ...

ማግኔቱ ላይ ተለጥፎ ነው ያለው፣ አሁን።